የአማቴን ደረት ይዤ አዲስ አበባ

ከአዲስ አበባ ከተመለስኩ ወዲህ በሺንሺቾ ትምህርት ቤት የመምህራን ማረፊያ ክፍል ቁጭ ባልኩ ቁጥር የምጠየቀው አንድ ነገር ነው። «እስቲ አውሪን፣ ፎቁ እንዴት ነው?» ይሉኛል። ፎቅ አይቻለሁ፣ አልዋሽም። ግን ለፎቅ አልሄድኩም። የሄድኩት የባለቤቴን አባት ለሐኪሞች ቦርድ ላደርስ ነው፤ ሰባት ቀን ፈጅቶብናል። ወሬው ከእኔ ቀድሞ ገበያ ደርሶ፣ በየአፉ ሌላ መልክ ይዞ ጠበቀኝ። እንግዲያው ከመነሻው እስከ መመለሻው እንደሆነው ልጻፈው። የሚያማኝ ካለም አንብቦ ይማኝ።

አማቴ ኤርጃቦ ይባላሉ። ስማቸውን እዚህ ስጽፍ ምንም አይሰማኝም። በእኛ በከምባታ ሴት የአማቷን ስም በአፏ አትጠራም፤ መጻፉን ግን የከለከለ የለም። ደንቡ ሲወጣ ጽሕፈት የምታውቅ ሴት አልነበረችማ! ስሙን ብቻ አይደለም፣ ከስሙ ጋር በአንድ ድምፅ የሚጀምረውን ቃል ሁሉ እየሸሹ፣ ለጨውም ለውኃም ሌላ መጠሪያ እየፈለጉ ያረጁ ሴቶች አሉ። እኔ ሚሲዮን ትምህርት ቤት ያደግኩ መምህርት ነኝ። ይህን ሁሉ የተውኩት ይመስለኝ ነበር።

ሕመማቸው የልብ ነው። ዳገት ሲወጡ ደረታቸውን ጨምድዶ ይይዛቸዋል፣ ግራ ክንዳቸው ይደነዝዛል። የመረመራቸው ሐኪም ለልብ ደም የሚያደርሱት ሥሮች ጠበዋል አለ። መድኃኒቱ ቀዶ ጥገና ነው፤ ቀዶ ጥገናው ደግሞ አገር ውስጥ አይሠራም። ከወዳጅ አገር የመጣ አንድ የልብ ሐኪም ግን ከአዲስ አበባ ቦርድ ጋር ቁጭ ብሎ፣ ይዟቸው የሚሄደውን ጥቂት በሽተኞች ሊመርጥ ነው። ታላቁ ልጃቸው ሰሜን ጦር ሜዳ ስለሞተ ገበሬ ማኅበሩ የድጋፍ ደብዳቤ ጻፈላቸውና ከእኛ በኩል አንድ ቦታ ተገኘ። ቦርዱ ሐሙስ ይሰበሰባል፣ በሽተኛው የደረት ራጁን በእጁ ይዞ ይቅረብ ተባለ። ባለቤቴ በመንደር ምሥረታ ሥራ ሌላ አውራጃ ተመድቦ ፈቃድ ከለከሉት። ትምህርት ቤት ለግማሽ ዓመት እረፍት ተዘግቶ ስለነበር የሚወስዳቸው ሰው እኔ ብቻ ሆንኩ። ምራት አማቷን ይዛ አገር ስታቋርጥ ታይቶ አይታወቅም፣ አሉ። ታየ።

ሰኞ

የይለፍ ወረቀቱን ለማግኘት ሦስት ቀን ተመላልሼ ነበር። ጸሐፊው ማኅተሙን ቤቱ ረስቶት፣ ቤቱ ስሄድ እርሻ ሄዶ፣ እርሻ ስሄድ ስብሰባ ገብቶ! በመጨረሻ ሰኞ ጧት መንገድ ላይ ጉልበቱ ላይ አስደግፎ መታልኝ። ጸሎት ቤታችን ከታሸገ ወዲህ ምእመናን በየጓሮው ነው የሚጸልዩት፤ እኛንም ከእንሰቱ ሥር አቁመው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ጸለዩልን።

የተሳፈርነው ዝንጅብል በጫነ መኪና ነው። ሾፌሩ አማቴን አየት አድርጎ ጋቢና ውስጥ የነበረውን ነጋዴ አስወረደና «አባባ፣ እዚህ ይግቡ» አላቸው። እኔ ከነጋዴው ጋር ጆንያው ላይ ወጣሁ። ነጋዴው እስከ ዱራሜ ድረስ አኮረፈኝ፤ ከዱራሜ በኋላ ግን አቧራው ሁለታችንንም አንድ ዓይነት ቀለም ስላደረገን ሳቅ ይዞን ታረቅን።

አንጋጫን አልፈን ጎማ ፈነዳ። ሰው ሁሉ ወርዶ ድንጋይ ሲያቀብል አማቴም ወርደው አንዱን ድንጋይ ታቀፉ። «አባባ፣ ኧረ ይተዉ!» ብዬ ስጮኽ ጊዜው አልፎ ነበር። ድንጋዩን ጥለው መንገድ ዳር ቁጭ አሉ፤ ፊታቸው አመድ ሆነ፣ ላባቸው ወረደ። ከአጥሩ ወዲያ የነበረች የማላውቃት ሴት እየሮጠች በቅል ወተት ይዛ መጣች። ስማችንንም አልጠየቀች፤ ራሳቸውን ደግፋ አጠጣቻቸውና ቅሏን ይዛ ተመለሰች። እኔ አማቴን በእጄ ነክቼ ስለማላውቅ ቆሜ አይ ነበር። ያ ቀን ሲታወሰኝ የሚያሳፍረኝ ይህ ነው፣ ብዬ አስብ ነበር።

ሆሳዕና ስምንት ሰዓት ገደማ ገባን፤ በቀጥታ ራጅ ቤት ሄድን። ከእኛ በፊት የቀረ አንድ ወጣት ብቻ ነበር፤ የወታደር ካፖርት የደረበ፣ ጉንጩ የጎደጎደ። ሄራሞ እባላለሁ አለን፣ አገሩ ፎንቆ ነው። «ለቦርድ ራጅ አምጣ ብለውኝ ነው» አለ። «እኛም ለቦርድ ነው» አልኩት። የእሱ የጦሩ ቦርድ ነው፣ የእኛ የሐኪም። «ምናለ ብንለዋወጥ፣ እኔ ውጭ አገር እሄድልዎ ነበር» ብሎ አማቴን አሳቃቸው። ሚስቱ ከወለደች ገና ሁለት ወሯ ነው፤ ቦርዱ ካሰናበተው በበልግ ያርሳል። መዝጋቢው ወረቀታችሁን አምጡ ሲል የሁለቱንም ተቀብዬ ወደ ቢሮው ሄድኩ። እንደ ወረፋቸው አስመዘገብኩ፤ መጀመሪያ ወታደሩን፣ ቀጥሎ አማቴን። ስመለስ ሁለቱም ተነሥተው ጨርሰዋል። አማቴ ሸሚዛቸውን እየቆለፉ «ነገ ጧት ይደርሳል አሉ» አሉኝ።

ያደርነው አቶ ሸምሱ ቤት ነው። አቶ ሸምሱ ሆሳዕና ሱቅ ያላቸው ስልጤ ናቸው፤ ከአማቴ ጋር በቅቤና በበርበሬ ንግድ ሠላሳ ዓመት ይተዋወቃሉ። የራሳቸውን አልጋ ለአማቴ ለቀው እሳቸው ሱቁ ውስጥ ስኳር ጆንያ ላይ ተኙ። እንዴት ይሆናል ብል «አንቺ ዝም በይ፣ ይህ የሁለታችን ጉዳይ ነው» አሉኝ።

ማክሰኞ

አሁን የሚጻፈው የማልወደው ነው። ጧት ብቻዬን ራጅ ቤት ሄድኩ። ራጅ አንሺው ብቻውን ነው የሚሠራው፤ ያነሣውንም የሚያጥበው እሱ ራሱ። እጁ እስከ ክርኑ መድኃኒት ነክቶት በሩ ላይ ብቅ አለ። ከኋላው ገመድ ላይ የትናንትናዎቹ ተሰቅለዋል፤ ቁጥር እንጂ ስም የለባቸውም፤ የየቁጥሩ ስም ሲያነሣ ጠይቆ የጻፈበት ደብተር ላይ ነው።

«ስም?» አለኝ።

አፌን ከፈትኩ። አልወጣም። እንደ ሕፃን ከንፈሬ ተንቀሳቅሶ ቀረ። ከኋላዬ ሰባት ስምንት ሰው ቆሟል፤ ግማሾቹ የእኛው አገር ሰዎች ናቸው። «ትናንት ከሰዓት የተነሡት ሽማግሌ» አልኩ።

«ሴትዮ፣ እኔ ደረት እንጂ ሽበት አላይም። ስም ንገሪኝ።»

«ከወታደሩ ቀጥሎ ያሉት» አልኩ።

ወደ ገመዱ ዞሮ የከሰዓት በኋላዎቹን ቆጠረ። ሁለተኛውን አወረደ፤ ከፊትና ከጎን የተነሡ ሁለት ፊልሞች ናቸው። ፖስታ ስላለቀ በጋዜጣ ጠቀለለና «እጄ እርጥብ ነው፣ ስሙን ራስሽ ጻፊበት» አለኝ። እስክሪብቶ አውጥቼ በመምህርት ጽሕፈቴ፣ በደማቁ፣ «ኤርጃቦ» ብዬ ጻፍኩ። እዚያው ቆሜ በወረቀት ጽፌ ላሳየው እችል ነበር። እችል ነበር! መምህርት ነኝ፣ ቦርሳዬ ውስጥ ጠመኔ ሳይቀር አለ። ግን ሰው እያየኝ ነበር፣ ቸኩዬም ነበር። «ከወታደሩ ቀጥሎ» ማለቴም ብልህነት መስሎኝ ደስ ብሎኝ ወጣሁ።

ከሰዓት በኋላውን አማቴና አቶ ሸምሱ ሱቁ በር ላይ ተቀምጠው የሞቱ ወዳጆቻቸውን ሲቆጥሩ ዋሉ።

ረቡዕ

አውቶቡሱ ሳይነጋ ተነሣ። መንገዱ እስከ ቡታጅራ ድረስ ጠጠርና ጉድጓድ ነው። እኔ የሺንሺቾን መንገድ ስረግም የኖርኩ፣ አንጀቴ ወደ ላይ ሲወጣ የእኛው ናፈቀኝ። አንድ ኬላ ላይ ሁላችንንም አስወርደው ፈተሹን። ጠመንጃ ያነገተው ፈታሽ የራጁን ጥቅል አገኘ። ጋዜጣውን ፈትቶ ፊልሙን ገለበጠው፣ ደገመው። «ጓድ መምህርት፣ ይህ ካርታ ነው?» አለኝ።

«ደረት ነው» አልኩት።

«የማን?»

እንግዲህ እንደገና! በአገጬ አማቴን አመለከትኩ። ፈታሹ ፊልሙን ወደ ፀሐይ አነሣው፣ ተሳፋሪው ሁሉ ከብቦ አየ። የጎድን አጥንቱ ቁልጭ ብሎ ይታያል። መካከል ላይ ከአጥንቱ ጎን አንድ የባቄላ ፍሬ የምታህል ነጭ ነጥብ ነበረች። «ይቺ ምንድን ናት?» አለ ፈታሹ። አንዲት ነጋዴ ሴት «ቁልፍ ናት፣ ሸሚዝ ሳያወልቁ አንሥተዋቸው ነው» አለች። ሁላችንም ተስማማን፤ ቁልፍ ናት። አማቴ ብቻ ወደ ሸሚዛቸው ጎንበስ ብለው ቁልፎቻቸውን አዩ።

ቡታጅራ ምሳ በላን፤ አማቴ ከቤት ያመጡትን ቆጮ አውጥተው ከምግብ ቤቱ ወጥ ጋር በሉ። አስተናጋጁ ቅር ይለዋል ብዬ ስፈራ፣ ሰውዬው አጠገባቸው ቁጭ ብሎ «ቆርሰው ይስጡኝ፣ የእናቴ ቤት ሸተተኝ» አላቸውና አብሯቸው በላ።

አዲስ አበባ አሥር ሰዓት አለፍ ሲል ገባን። የባለቤቴ አክስት ልጅ ኮልፌ አንዲት ክፍል ቤት አለው፤ እሱና ሚስቱ መሬት ላይ አንጥፈው አልጋውን ለአማቴ ሰጡ። ውኃ ከቦኖ በወረፋ ነው። በእኛ አገር ውኃ ሩቅ ነው እንጂ ወረፋ የለውም። አማቴ ደጃፉ ላይ ቆመው ያን ሁሉ ቆርቆሮ ጣሪያ አዩና «ይህ ሁሉ ሰው የት ነው የሚያርሰው?» ብለው ጠየቁኝ።

ሐሙስ

ቦርዱ ያለበት ኮሪደር በሰው ተሞልቷል። ከየክፍለ ሀገሩ ነው የመጣው፤ ሁሉም ጥቅሉን እንደ ታቦት አቅፎ ይዟል። አንድ ከአርሲ የመጣ ሾፌር ተጠባባቂ ነኝ አለኝ፤ አንዱ ከወደቀ እሱ ይገባል። ከንፈሩ ሰማያዊ ነው። የራሴ ሰው እንዲያልፍ ስጸልይ እሱን እያየሁ ነበር።

አምስት ሰዓት ላይ ገባን። ጠይም፣ መነጽራም የእኛ ሐኪምና ፀጉረ ነጭ ፈረንጅ ተቀምጠዋል። አማቴ አማርኛ የሚገባቸው ጥቂት ስለሆነ እኔ ወደ ከምባትኛ እመልሳለሁ። ሐኪማችን ደግ ነው፣ ቀስ ብሎ አስረዳቸው። «ከእግርዎ አንድ የደም ሥር ይወስዳሉ። በጠበበው ቦታ ላይ ዘሎ እንዲያልፍ አድርገው ልብዎ ላይ ይሰፉታል። ደሙ በአዲሱ መንገድ ይሄዳል።»

አማቴ አሰቡ። «ድልድይ ሲሰበር መኪና በጎን እንደሚያዞሩት» አሉ።

ስተረጉምለት ሐኪሙ ሳቀ፣ ለፈረንጁም ነገረው፤ ፈረንጁም ራሱን ነቀነቀ። ያን ጊዜ እውነቱን ልናገር፣ አለፉ ብዬ ነበር።

ከዚያ ራጁን መብራት ያለበት ሰሌዳ ላይ ለጠፉ። ፈረንጁ ተነሥቶ ከጎን የተነሣውን ቀርቦ አየ፣ በጣቱ አንድ ቦታ ነካ፣ ረጅም ነገር ተናገረ። ሐኪማችን ወደ እኔ ዞረ። «ቀዶ ጥገናው የሚጀምረው የደረቱን አጥንት መሐል ለመሐል በመጋዝ በመክፈት ነው። ራጁን የምናየው ለዚህ ነው፤ ከአጥንቱ ኋላ ምን እንዳለ ሳናውቅ መጋዝ አናስገባም። እርሳቸው ከአጥንቱ ኋላ፣ ልቡ ላይ ተደግፎ የተቀመጠ ብረት አለባቸው። ዙሪያው ጠባሳ ሆኖ ከአጥንቱ ጋር ተጣብቋል። መጋዙ እዚያ ሲደርስ ልቡን ይቀደዋል። አይቻልም።»

ይህን ለአማቴ እንዴት ብዬ እንደመለስኩት አላስታውስም። እርሳቸው ግን አልደነገጡም፤ ግራ ነው የተጋቡት። «ምን ብረት?» አሉ። «እኔን ማንም ተኩሶብኝ አያውቅም።» ተነሥተው ሸሚዛቸውን ፈቱ። ደረታቸው ልስልስ ነው፣ አንድ ጠባሳ የለበትም። ፈረንጁ ደረታቸውን አየ፣ ራጁን አየ፣ እኔን አየኝ።

«ይህ ራጅ የማን ነው?» አለኝ ሐኪሙ።

«የእርሳቸው ነው። ከወታደሩ ቀጥሎ…» ብዬ ጀመርኩ። አማቴ «ወታደሩ» የምትለዋን ቃል አውቀዋት ወደ እኔ ዞሩ። «ልጁ እኮ ተራውን ለቀቀልኝ» አሉ በከምባትኛ። «ሲያለከልኩ አይቼ ዝም አልልም፣ አባባ ይቅደሙ ብሎኝ እኔ ነኝ ቀድሜ የተነሣሁት።»

እግዚኦ! ገመዱ ላይ ሁለተኛው የወታደሩ ነበር።

«እንዴት ሊለዋወጥ ቻለ? ስም አልሰጠሽም? ስማቸው ማነው?» አለ ሐኪሙ፤ ድምፁ ከፍ አለ።

«ኤርጃቦ» አልኩ። በቁሜ፣ ፊት ለፊታቸው። አማቴ በጥፊ እንደተመታ ሰው ጋቢያቸውን እስከ ዓይናቸው ሳቡ። ሐኪሙ ምን እንደሆነ አልገባውም፤ ጽፎ ጨረሰ። «ፈረንጁ ነገ ቀትር ላይ ይሄዳል። በጧት አዲስ ራጅ አስነሥተን እናሳየዋለን። ቦታውን ይጠብቁላችኋል» አለን።

ዓርብ

የራጅ ፊልም በከተማው አልቋል። ከገባ ወር አልፎታል አሉን። ሐኪሙ ግን ሰው ነው፣ ለድንገተኛ አደጋ የተቀመጠውን በራሱ ፊርማ አስወጣና በሦስት ሰዓት አማቴ ተነሡ። ደረቅ ሳይል ይዞት ወደ መስኮቱ ሮጠ። «እዩት፣ እዩት» አለን፤ ከእኔ ይበልጥ ተደስቶ ነበር። «አጥንቱ ነጻ ነው። ሳንባው አልተጣበቀም። ልቡም ብዙ አልሰፋም። ትልቁ የደም ሥር አልደደረም። ይህ ደረት ለመክፈት የተመቸ ነው!» አማቴ «ምን አለ?» አሉኝ። «ደህና ነዎት አለ» አልኳቸው።

ፊልሙን ይዞ ወደ ቦርዱ ገባ። ኮሪደሩ ዛሬ ባዶ ነው። ሩብ ሰዓት ቆይቶ ወጣ፤ መነጽሩን አውልቆ ይጠርግ ነበር። «ዝርዝሩ ትናንት አመሻሽ ላይ ተፈርሞ፣ ማኅተም ተመቶበት ወጥቷል» አለ። «እኔ እስከ ዛሬ ይጠብቃሉ ብዬ ነበር። አልጠበቁም። ቦታው ለተጠባባቂው ተሰጠ።»

ያ ከንፈረ ሰማያዊ ሾፌር ነው። እንኳን ደስ ያለው ልል ሞክሬ አልወጣልኝም።

«ሌላ ጊዜስ?» አልኩት።

«ሌላ ጊዜ መቼ እንደሚመጡ እኔም አላውቅም» አለ። ከዚያ ያን የወታደሩን ራጅ በጋዜጣው ጠቅልሎ ሰጠኝ። «ባለቤቱን ፈልጊው። ይህ ብረት ያለበት ሰው ሸክም መሸከም፣ መሮጥ የለበትም። እርሱ ደግሞ የአባትሽን ራጅ ይዞ የት እንዳለ እግዜር ይወቅ።»

ግቢው ውስጥ አንድ ድንጋይ ላይ ተቀመጥን። እኔ አለቀስኩ፤ መንገደኛው እያየኝ እንደ ለቅሶ ቤት አለቀስኩ። አማቴ «ስሜን ብትጠሪው እኮ አልቆጣም ነበር» አሉኝ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። ከዚያ ተነሥተው «የልጁን ራጅ ያዢ፣ ፎንቆ እንሄዳለን» አሉ። እኔ ያየሁት አዲስ አበባ ይኸው ነው።

ቅዳሜ

ወደ ሆሳዕና ስንመለስ ረዳቱ ከሾፌሩ ኋላ ያለውን ወንበር አስለቅቆ ለአማቴ ሰጣቸው። መንገድ ላይ ሁለት ጊዜ ሕመሙ ያዛቸው። ሁለተኛው ጊዜ እጃቸውን ያዝኩ፤ አልከለከሉኝም። ሰዉ ሁሉ ውኃ ይዞ ቆሞ ነበር፣ ሾፌሩ እስኪሻላቸው አውቶቡሱን አቁሞ ጠበቀ።

አቶ ሸምሱ ገና ከደጃፍ «እንዴት ሆነ?» አሉ። አማቴ «ሳይሆን ቀረ» አሏቸው። አቶ ሸምሱ የፎቁን ወሬ አልጠየቁም፤ ሱቃቸውን በቀን ዘጉና አጠገባቸው ተቀመጡ። ራጅ ቤት ሄጄ ጠየቅሁ። ወታደሩ የቀረውን ራጅ ማክሰኞ ከቀትር በኋላ ወስዷል፤ ሐሙስ ቦርድ አለብኝ ብሎ ቸኩሎ ነበር አሉኝ። የእኛም ሐሙስ ነበር።

እሑድ

አቶ ሸምሱ እህል ሊጭን ወደ ፎንቆ የሚሄድ መኪና ፈልገው አሳፈሩን። እርስዎ ይቅሩ፣ እኔ ልሂድ ብዬ አማቴን ለመንኳቸው። «ልጁ ተራውን የለቀቀው ለእኔ ነው» አሉ። ከመንገዱ እስከ ቤቱ ለጤነኛ ሰው የአሥር ደቂቃ መንገድ ናት። እኛ አራት ጊዜ አረፍን።

በሩ ላይ ሕፃን ያዘለች ወጣት ሴት ቆማለች። አስቴር ትባላለች። እንግዳ መሆናችንን አይታ ከመጠየቋ በፊት አማቴን አስገብታ አስቀመጠቻቸው፣ ውኃ ሰጠቻቸው። ሄራሞን ፈልገን ነው አልናት።

«ወሰዱት» አለች። አማርኛዋ እንደ እኔው ሰበር ያለ ነው። «ሐሙስ ቦርድ ገባ። ብረት አለብኝ አለ፣ ልቤ ጋ አለ አለ። ፎቶውን መስኮት ላይ አዩት። ምንም የለም፣ ንጹሕ ነው፣ ጦር ሸሽተህ ነው፣ ውሸታም ነህ አሉት። ቁስሉን አሳያቸው፤ ከላይ ነው አሉት። እዚያው መኪና ላይ ጫኑት። ልብሱን እንኳ አልወሰደም።»

አማቴ ምን እንዳለች አልጠየቁኝም፤ ከፊቴ አነበቡት። የታላቅ ልጃቸውን መርዶ ከዚያው ከሰሜን የተቀበሉ ሰው ናቸው። ጥቅሉን ከእጄ ወስደው ፈቱና ፊልሙን በበሩ በኩል በሚገባው ብርሃን ፊት ያዙላት። አስቴር ቀረበች። ነጯን ነጥብ በጣቷ ነካቻት። «እዚህ ጋ ነው» አለች። «በዚህ ጎኑ አይተኛም።»

ያንን ራጅ ይዛ ከዚያ ወዲህ ሦስት ጊዜ ቢሮ ሄዳለች፣ ተልኳል ከማለት በቀር መልስ የሰጣት የለም። ይህን ኋላ ነው የሰማሁት፤ እስከ ዛሬም ደብዳቤ አልደረሳትም። አማቴም በሕይወት አሉ፤ ከቤት እስከ እንሰቱ ጓሮ ሁለት ጊዜ አርፈው ይደርሳሉ። በዚያ እሑድ ግን ይህን አናውቅም ነበር። እኔ የማውቀው ያቺ ሴት ራጁ እንዴት እንደተለዋወጠ ልትጠይቀኝ መሆኑን ነው። ራጅ አንሺው ነው ማለት ይቻል ነበር። እጁ እርጥብ ነበር፣ ፖስታ አልነበረውም፣ በስም ፈንታ በቁጥር ነው የሚሰቅለው ማለት ይቻል ነበር፤ አንዱም ውሸት አይደለም። አማቴ ዓይናቸውን መሬት ላይ ተክለው ጠበቁኝ።

«እኔ ነኝ» አልኳት። ሁሉንም ነገርኳት፤ ገመዱን፣ ከኋላዬ የቆመውን ሰው፣ ከወታደሩ ቀጥሎ ማለቴን፣ ባሏ ተራውን ለሽማግሌ መልቀቁን። እስክጨርስ ድረስ ሕፃኑን ጀርባዋ ላይ እያወዛወዘች ሰማችኝ።

«ስማቸውን ለምን አልነገርሽውም?» አለችኝ።

«አማቴ ናቸዋ» አልኩ።

አማቴን አየቻቸው፣ እኔን አየችኝ። ትጮኽብኛለች ብዬ ራሴን አዘጋጅቼ ነበር፤ እንድትጮኽም ፈልጌ ነበር።

«እኔም ብሆን አልጠራም ነበር» አለች፤ ለአማቴ ወተት ልታመጣም ወደ ጓዳ ገባች።